ስምንተኛው መስመር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን፣ በየዓመቱ ጾም ሲገባ ጉልበቴን አጥፌ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር፣ ይቺን ዘልያት ነው የምነሣው። ሐሜት፣ ቁጣ፣ ጾም መግደፍ እያልኩ እቆጥርና "ሌላስ?" ሲሉኝ "የለም አባ" እላለሁ። አለ። ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገረው የቻልኩት ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ አይጠፋኝም።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን ቢቸና ውስጥ አንድ የወባ መከላከል ፕሮጀክት ነበር፤ ዛሬ የለም። እኔ እዚያ ተቀጥሬ ከስምንት ቀበሌዎች በየሳምንቱ የሚመጣውን የሕሙማን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ አስገባና ግራፍ እሠራ ነበር። በየወሩ ሞጣ ላይ ስብሰባ ይደረጋል። የእኔ ግራፍ ግድግዳ ላይ ይበራል፤ መስመሩ ሽቅብ ወደወጣው ቀበሌ መድኃኒትና የርጭት ቡድን ይላካል። ሰው የሚድነውና የማይድነው በዚያ መስመር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግራፉን የምሠራበት ፕሮግራም ቀለም የሚመርጠው በራሱ ነው። መጀመሪያ ለገባው ሰማያዊ፣ ለሁለተኛው ቀይ፣ ለሦስተኛው አረንጓዴ እያለ በተራ ያድላል። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ፈዛዛ ቢጫ ይሰጣል። በነጭ ላይ ፈዛዛ ቢጫ፣ ያውም ክር የምታህል ቀጭን መስመር። እኔ ደግሞ ቀበሌዎቹን የማስገባው ወረቀታቸው በደረሰኝ ተራ ነበር። ከሁሉም የሚርቀው ዋንዛ ውሃ ነው፤ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የሚወረድ ቆላ። ስለዚህ ሁልጊዜ ስምንተኛ ነው፣ ሁልጊዜም ቢጫ።

እዚያ የተመደበችው የጤና ሠራተኛ ስንዱ ትባላለች። ፎርም ሲያልቅባት የደብተር ወረቀት በእጇ አስምራ በደቃቅ ጽሕፈት ሞልታ ትልካለች። ስልክ ገና እዚያ አልደረሰም። ወረቀቷን የሚያመጡት አያ አለባቸው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ በገበያ ቀን ማሽላቸውን በአህያ ጭነው ሲመጡ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይይዙታል። ማንበብ አይችሉም። ግን እኔ ጋ ሳይደርሱ ገበያ አይገቡም ነበር። ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት ብላቸው እንኳ እሺ አይሉም።

"በእጁ ስጥ ብላኛለች፤ እንካ በእጅህ" ይሉኛል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሦስት ሳምንት ተከታትለው አመጡልኝ። እኔም ሦስቱንም ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ለምን? ምክንያት የሚባል ምክንያት የለኝም። የስንዱን ወረቀት ወደ ፎርም መገልበጥ አሰልቺ ነበር፣ ዓይን ያደክማል። ነገ እላለሁ፣ ነገ ደግሞ ጨዋታ አለ፣ የከሰዓት ቢራ አለ። እኔ ታምሜ አልነበረም፣ ሥራም አልበዛብኝም። ሰነፍኩ፣ በቃ።

ለስብሰባው አንድ ቀን ሲቀር አወጣኋቸውና አስገባኋቸው። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እጥፍ እየሆነ ነበር የመጣው። መስመሩ ከሰባቱም በላይ ተተኮሰ። እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሕሙማኑ አልነበረም። መጀመሪያ ያሰብኩት "መቼ ደረሰህ ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?" የሚለውን ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ ስክሪኑን አየሁት። መስመሩ የለም። ጠጋ ስል አለ፣ ራቅ ስል የለም።

ቀለሙን ለመቀየር ሁለት ጊዜ ማውዝ መጫን ይበቃ ነበር። ከዚያ በፊት አሥር ጊዜ ለሌላ ግራፍ ቀይሬያለሁ። እጄ ማውዙ ላይ ነበር፤ አነሣሁት። ለራሴም መልስ አዘጋጀሁ፤ አስገብቻለሁ፣ አልደበቅኩም፣ ቀለሙን የመረጠው ፕሮግራሙ ነው አልኩ። የሚገርመው ሙሉ በሙሉ ባስቀረው ኖሮ የሚቀጥፍ ሰው እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። እንዲህ ሳደርገው ግን ንጹሕ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ለስብሰባው የሚታደል ሰባት ቅጂ በጥቁርና ነጭ አስነሣሁ፤ በቅጂው ላይማ ቢጫው ጭራሽ ጠፍቷል።

ሞጣ የተሰበሰብንበት አዳራሽ መስኮቱ መጋረጃ አልነበረውም። የረፋዱ ፀሐይ ግድግዳው ላይ አርፎ ፕሮጀክተሩን አደከመው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ቆጠሩ።

"ስምንት ቀበሌ ተብሎ እኔ የማየው ሰባት መስመር ነው። ዋንዛ ውሃስ?"

ያኔ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። "አለ፣ ቀለሙ ነው" ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን "ሪፖርታቸው በጊዜ አልደረሰንም" አልኩ። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

ስንዱ ከኋላ ወንበር ተነሣች። ከቆላ ለዚህ ስብሰባ ስትል የሁለት ቀን መንገድ መጥታለች።

"እኔ በየሳምንቱ ልኬያለሁ።"

"በማን?" አሏት።

"በገበያተኛ።"

አዳራሹ ሳቀ። "ሪፖርት በገበያተኛ!" አለ አንዱ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉ ይልቅ ይህችን ሳቄን ነው የማስታውሳት። ስንዱ በሽተኛው እየበዛ ነው ብትልም በወረቀት የሌለ ቁጥር አንቀበልም ተባለች፤ ፊቷ ጠቁሮ ተቀመጠች፤ መድኃኒቱና የርጭት ቡድኑም ለሌሎች ሦስት ቀበሌዎች ተመደበ።

ስንዱ ቆላ እንደተመለሰች አያ አለባቸውን "ወረቀቴን የት አሳደሩት?" ብላ ያዘቻቸው። እሳቸውም መማል አልቻሉም። ሳምንት በወረቀት አይቆጥሩም፤ ደግሞ ገበያ ሲመጡ ጠላ ቤት ጎራ ማለታቸውን ሁሉም ያውቃል። ምናልባት ረስቼ ይሆን ብለው ራሳቸውን ጠረጠሩ።

በዚያው ሰሞን ጥሩወርቅ የምትባል ልጃቸው ደጋ ካለው ከባሏ ቤት ወርዳ እነሱ ዘንድ ነበረች። የመጀመሪያዋ ነውና በወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ነው የመጣችው። ደገኛ ሆና ሁለት ዓመት ኖራለች፣ እርጉዝ ናት፤ ወባው ሲይዛት አልቻለችውም። ጤና ኬላው መድኃኒት ጨርሷል። በቃሬዛ ዳገቱን ይዘዋት ሲወጡ መንገድ ላይ አረፈች፤ ሆዷ ውስጥ ያለውም አብሯት።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው አያ አለባቸው ናቸው። ከአርባዋ በፊት በገበያ ቀን ቢሮዬ መጡ፤ ኩታቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ አህያም ማሽላም አልያዙም። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፣ ቀን ትጽፋለህ" አሉኝ። "ያን ወረቀት በቀኑ አምጥቼልህ ነበር ወይስ አዘግይቼው ነው? እኔ እንደሆንሁ ንገረኝ። ልወቀው።"

ሦስቱ ወረቀቶች ጉልበቴ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። እጄን ብዘረጋ አገኛቸዋለሁ። እኔ፣ የተማርኩት፣ ቀን የምጽፈው፣ "ብዙ ሰው ነው ወረቀት የሚያመጣልኝ አያ፣ አላስታውስም" አልኳቸው።

"እንግዲያው እኔ ነኝ" አሉ። "እግዜር ይስጥህ" ብለውኝ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ወደ ገበያው ሳይገቡ በመጡበት ተመለሱ። ተከትዬ ልጠራቸው አልተነሣሁም።

ቀለሙን የመረጠው ፕሮግራሙ ነው ብዬ ስንት ዓመት ራሴን አባበልኩ። "አላስታውስም" ያለውስ ማን ነው? እሱንም ፕሮግራሙ መረጠልኝ?

ከብዙ ዓመት በኋላ ስንዱን ሞጣ መናኸሪያ አገኘኋት። ወፍራለች፣ ልጆች ወልዳለች፤ አቅፋ ሳመችኝ። አያ አለባቸው ከዚያ ወዲህ የሰው አደራ ይዘው እንደማያውቁ አጫወተችኝ። ደብዳቤም ሆነ መልእክት ሲሰጧቸው "እኔ የማላደርስ ሰው ነኝ፣ ለሌላ ስጡ" ይሉ ነበር አለች። እንዲያ እያሉ ሞቱ።

"እኔም ያኔ ክፉ ተናግሬያቸው ነበር" አለችኝ። "ኋላ ግን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር።"

እኔም አይኗን እያየሁ "ደግ አደረግሽ" አልኳት። አውቶቡሷ ተነሣና እጇን አውለበለበችልኝ።

እንግዲህ ይህ ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሞጣ መናኸሪያ ላይ ወጣት አልነበርኩም። ይቅር በሉኝ ብዬም አልለምናችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሰው እንደ ጥፋተኛ ተቀብረዋል፣ ይቅርታውንም ስንዱ ለእሳቸው ሰጥታዋለች። እኔ አንድ ሰው የጠየቀኝን ጥያቄ ሳልመልስ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን መልሱን ልጻፈው።

አያ፣ ሦስቱንም ወረቀት በየቀናቸው አምጥተውልኛል። ከገበያ በፊት፣ ረፋድ ላይ፣ ጠላ ሳይቀምሱ። በእጄ ነው የሰጡኝ።