ከወንጭፍ የተለቀቀ ጭቃ

ከወረታ ወጣ ብሎ ካለ የሩዝ ማሳ የወንጭፍ ጩኸት ሰማሁና መኪናዬን አቆምኩ።

በመንደራችን በቁሐር ሚካኤል ሜዳ ድንጋይ ስለማይገኝ፣ በልጅነቴ ወፍ የምንጠብቀው አድበልብለን በፀሐይ ባደረቅነው ጭቃ ነበር። የእኔ ሁልጊዜ እግሬ ሥር ይወድቅ ነበር።

«ወፉን ነው ወይስ እግርሽን የምትመቺው?» ብሎ አባቴ ሳቀ። «ክንድሽስ ደህና ነው፤ ጨክነሽ አትለቂም እንጂ። ስትሳሺለት ዘግይቶ ይወጣና ይስትብሻል።»

በቀጣዩ መስከረም እንድማር ብሎ ወረታ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ከአክስቴ ቤት አደረሰኝ። ጋቢውን ጨብጬ ሳለቅስ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቆ፣ ዞሮ ሳያየኝ ሄደ። እንደ ጣለኝ ቆጥሬ ለዓመታት ተቀየምኩት።

የጨከነው ዒላማውን እንዳይስት መሆኑ ዛሬ ገባኝ። እሱ ግን የት እንዳረፍኩ ሳያይ ሞቷል፤ ይቅርታዬም ዘግይቶ እግሬ ሥር ወደቀ።