በስም ወይስ በአጥቢያ

ልጄ ሰላም ለመሥሪያ ቤቷ የቆዩ ጋዜጦችንና የእጅ ጽሑፎችን ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች። ባለፈው እሑድ ከባልደረባዋ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ ሰማኋት፤ ያ ሁሉ ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ ወይስ በየርዕሱ ፋይል ሆኖ ይቀመጥ ነው ነገሩ። ስልኩን ዘግታ፣ «አባዬ፣ አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥ ነበር?» አለችኝ፣ ልታሾፍብኝ። መሳቅ አቃተኝ።

የረሃቡ ጊዜ ነበር። ለሰሊጥ አጨዳ ከአርማጭሆ ወርጄ ሳለሁ፣ እናቴ ከቀዬው ሰዎች ጋር ድንበር ተሻግራ ገዳሪፍ አጠገብ ካለው ካምፕ መግባቷን ከአንድ መንገደኛ ሰማሁ። ተከትያት ተሻገርሁ፤ አረብኛ ስለምሞካክር እዚያው ካምፕ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ደመወዙ ግድ አልነበረኝም፤ እሷን ለማግኘት ነው።

ሰው በየቀኑ ይጎርፋል። ለእያንዳንዱ ካርድ በሁለት ይጻፋል፤ አንዱ ለባለቤቱ ይሰጥና ሌላው በሣጥን ውስጥ በስም ተራ ይደረደራል። አጥቢያውም ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ግን በእሱ ማን ይፈልጋል? ጥሩነሽ የሚለውን የእናቴን ስም እየደጋገምሁ አሰስሁ። ያገኘኋት ጥሩነሽ ሁሉ የሌላ ሰው እናት ናት። ከሥራ በኋላ በየድንኳኑ እየዞርሁ እጣራለሁ። ማታ የሚሰጠኝን አሲዳ፣ የማሽላውን ገንፎ፣ ሳልነካው ለልጆች እሰጣለሁ። ተስፋ መቁረጥ ሆድ እንደሚሞላ ያን ጊዜ አወቅሁ።

አለቃዬ ኢድሪስ የገዳሪፍ ሰው ነበር። «ኡስታዝ፣ ካርዱን በአጥቢያ እንደርድረው» አልሁት። «የኛ አገር ሰው ደብሩን አይረሳም።»

«ያ ወለዲ» አለኝ፣ ልጄ ሆይ ማለቱ ነው፤ «ማሽላው የሚታደለው በስም ነው። ካርዱ ከተዘበራረቀ ሰው ሳይበላ ይውላል።»

እሱም እውነቱን ነው። «እናቴ እኮ ናት!» ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ኢድሪስም፣ «ዓርብ እደላ የለም። ከመምሸቱ በፊት ግን ወደ ቦታው ትመልሰዋለህ» አለኝ። ዓርብ ሲደርስ እሱ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ አብሮኝ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የኛ ደብር ካርዶች እፍኝ አይሞሉም። ከመካከላቸው አንዱ «ወለተ ሐና» ይላል፣ የአባት ስም ደግሞ የአያቴ። የክርስትና ስሟ ነው፤ በዚያ ስም ቄስ ካልሆነ ማንም አይጠራትም። እናቴ በሕይወት ሳለች የሚፈልጋት ይኖራል ብላ አልጠበቀችም። ያስመዘገበችው ለፍትሐቷ ነው።

ካርዱ ወደሚለው ድንኳን ሮጥሁ። አንዲት አሮጊት ሰሌን እየጠቀለሉ ነበር፤ ስሟን ጠርቼ ጠየቅኋቸው።

«ልጇ ነህ? ወይኔ የኔ ልጅ! ከትናንት ወዲያ አፈር አለበስናት» አሉኝ። «ፍትሐቱ አልቀረባትም። ስሟን ከያዘችው ካርድ አስነብበን ለቄሱ ነገርናቸው።»

ያን እሑድ ለሰላም፣ «ዳታቤዝም ይሁን ፋይል እኔ አላውቅልሽም» አልኋት። «ብቻ ስሙን የማያውቅ ሰው በሌላ በኩልም መጥቶ የሚያገኘው ይሁን፤ በአገሩም፣ በአባቱም፣ በምኑም።» እሺ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እናቴ በዚያ ስም የፈለገችውን አግኝታለች፤ በዚህ ልጽናና ስል ዕድሜዬ አለቀ። ዛሬም በሕልሜ የምጣራው ጥሩነሽ እያልሁ ነው።