የባሕር ቀንድ አውጣና የእህቴ ወገብ

እኔ አንድ ቤት መቀመጥ አልችልም። አምቦ ወንዱ ልጄ ዘንድ አንድ ወር፣ ጊንጪ ሴቷ ዘንድ ሁለት ሳምንት፣ ጌዶ ታናሽ እህቴ ዘንድ ደግሞ እስክትሰለቸኝ ወይ እስክሰለቻት። ልብሴ በአንዲት ፌስታል ይገባል። ዟሪ ይሉኛል፤ አልቀየምም። ዟሪ ሰው ቤት ሲገባ የሚቋረጥ ወሬ ያውቃል። ደጅ ላይ ሳለሁ የሰማሁት ድምፅ እግሬ ደፉን ሲረግጥ ይለወጣል፤ «ውይ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!» ይበዛል። አቀባበሉ ሲበዛ እኔ መጠርጠር እጀምራለሁ።

ያን ዓመት እህቴ ቤት አቀባበሉ በዛ። እህቴ ወገቧን አሟት ሴት ልጇ አዲስ አበባ ወስዳ አሳክማት ነበር። ሲመለሱ «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቁርጥማት ነው አክስቴ። ብርድ ነው አሉ» አለችኝ የእህቴ ልጅ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመለሰችው።

ቁርጥማት እኔም አለብኝ። የኔው ዝናብ ሲያንዣብብ ይመጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቀኛል። የእህቴ ግን ፀሐይም አልገደደውም። ሥጋዋን ጨረሰው፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሚስማር ላይ የተሰቀለ መሰለ። የምትጠጣው መድኃኒት በጠርሙስ ነበር፤ የጠርሙሱ ወረቀት ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

«ወረቀቱ የት ሄደ?»

«ውሃ ነክቶት ነው አክስቴ።»

ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለስኩት። የዘይቱም ጠርሙስ፣ የበረኪናውም ጠርሙስ እዚያው ቤት ውሃ ሲነካቸው ይውላል፤ ወረቀታቸው ግን እንዳለ ነው።

እህቴ ራሷ ምንም አልጠረጠረችም፤ እሷ ሐሳቧ ሌላ ነበር። ባኮ የሚኖር አንድ ወንድ ልጅ አላት። ሳይነግራት አገባ፤ የሰማችው ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። «ሽማግሌ ይላክ» ትላለች። «እናት ነኝ እኮ፤ እኔ ልሂድለት? ደግሞ ምን ያስቸኩላል? የበቆሎ እሸት ሲደርስ ይሻለኛል፤ ያኔ ይምጣና እንታረቃለን።» ይህን ስትል ሴት ልጇ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሁልጊዜ። ጓዳ ምን እንዳለ እንጃ፤ ምንም ይዛ አትወጣም።

ወደ አምቦ ተመለስኩ። ልጄ ቤት ፋርማሲ የምትማር የልጅ ልጅ አለችኝ። አኮ ትለኛለች፤ በኦሮምኛው አያት ማለት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ስልኳ ላይ አቀርቅራ አየኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቀንድ አውጣ ናት አኮ። የባሕር።»

አየሁ። ቤቷ ያምራል፤ ባለሙያ የጠለፈው ይመስላል። ከፊቷ አንድ ቀጭን ነገር ዘርግታ ዓሣ ወጋች። ዓሣው ባለበት ደረቀ። አፏን እንደ ጆንያ ከፍታ ዋጠችው።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ቀንድ አውጣ ዓሣ አትበላም። ጎመን ነው የምትበላው።»

«የኛዋ ጎመን ትበላለች። ይቺ ዓሣ ነው።»

«ታዲያ ይህን የቀረጸውን ሰውዬ ለምን አልወጋችውም?»

«ሰውም ትወጋለች። ቤቷ ማርኳቸው በእጃቸው አንስተዋት የሞቱ አሉ። ግን አኮ፣ ከመርዟ መድኃኒት ወጥቷል! የሕመም ማስታገሻ። ሕመሙ ከሰውነት ወደ ጭንቅላት የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋዋል።»

«እንደኛ መንገድ?»

ሳቀች። «አዎ፣ ልክ እንደኛ መንገድ። ምንም አያልፍም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም፣ አይቀባም። በቀጭን ቱቦ አከርካሪ ውስጥ ነው በጥቂት በጥቂቱ የሚንጠባጠበው።»

«መርዝ! አከርካሪ ውስጥ!»

«ልኩን ያወቀ ሐኪም ነዋ የሚሰጠው። ደግሞ አሁን ከቀንድ አውጣዋ አይጨምቁትም። መርዟን አጥንተው፣ እሱን አስመስለው ነው የሚሠሩት።»

«ጭራሽ አስመስለው!»

ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የሚገድል ነገር ሲመጠን እንደሚያሽር አላጣሁትም። መጠኑ አልፎባት የወደቀች ጎረቤትም አይቻለሁ። ኮሶን ግን ዛፉን አውቀዋለሁ። ይህን ባሕር ማን አየው? ይህን መርዝ ማን ቀመሰው? ልጅቷን አንድ ነጋዴ በስልክ እያታለላት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«ለመሆኑ ለማን ነው የሚሰጠው?»

«ሌላው መድኃኒት ሁሉ እምቢ ላለው ሰው።»

«የእህቴን ቁርጥማት ያስታግሰዋል?»

«እኛ አገር የለም እኮ አኮ» አለችና ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ተነስቼ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ገመዱ ላይ አንዱን ነጠላ ሦስቴ ገለባበጥኩት መሰለኝ። መልሷ አልተዋጠልኝም። «ለቁርጥማት አይሆንም» አላለችም። «ለቁርጥማትማ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ብላ አልሳቀችብኝም። የለም ብቻ አለች። ቢኖር ኖሮ ይሰጣት ነበር ማለት ነው። ሌላው ሁሉ እምቢ ላለው ሰው የሚሰጥ መርዝ ለእህቴ ወገብ ይሆናል ማለት ነው።

ተመለስኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «ማነው ስለዚህች ቀንድ አውጣ አጥኚ ያለሽ?»

«ክፍል ውስጥ የማቀርበው ነው። ርእሱን ራሴ ነኝ የመረጥኩት።»

«ለምን መረጥሽው የኔ ልጅ?»

ዓይኗ በእንባ ሞላ። ጠበቅኳት። እኔ ሰው አላስጨንቅም፤ ግን አልነሳም።

«ካንሰር ነው አኮ» አለች። «አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። የምትጠጣው ሞርፊን ነው፤ እሱም እየደከመ ነው። ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ስፈልግ ይቺን አገኘሁ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ... ትዞሪያለሽ፤ ወሬውም አብሮሽ ይዞራል አሉ።»

ይህ ውስጤ ገባ። የባሰው ግን ከዚህ በኋላ የነገረችኝ ነው። የባኮው ልጅ ከሰማ ቆይቷል። ሽማግሌ ይዞ ሊመጣ ተነስቶ ነበር፤ እንዳይመጣ የከለከለችው እህቱ ናት። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ድንገት ይቅርታ ሊጠይቅ ቢመጣ እናትየው ትጠረጥራለች ብላ። እህቴ ጌዶ ቁጭ ብላ ሽማግሌ ትጠብቃለች፤ ሽማግሌው ባኮ ተቀምጦ፣ እንዳትጠረጥር ተብሎ፣ ይቀራል። እሸቱ ሲደርስ እሷ ትኖራለች ያለው ማን ነው?

በማግስቱ ወደ ጌዶ ሄድኩ። በመኪናው ውስጥ ራሴንም ጠረጠርኩት። የምሄደው ለእህቴ ብዬ ነው ወይስ ወሬው አብሮሽ ይዞራል ስላሉኝ ተናድጄ? እስክደርስ ለራሴ አልመለስኩም።

የእህቴ ልጅ በር ላይ ተቀበለችኝ። «አክስቴ! በዚህ ሳምንት ትመለሻለሽ ብለን አላሰብንም» አለች፤ ዓይኗ ፌስታሌን ይመረምራል። ከዚያ ወዲያ ብቻችንን አልተወችንም። ውሃ ስጪኝ ስላት ጎረቤት ተጣርታ አስመጣችልኝ። እኔና እህቴ መሐል በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ስለዚህ እዚያው ፊቷ፣ እንደ ጨዋታ አድርጌ፣ የቀንድ አውጣዋን ነገር አመጣሁት። ዓሣ ስትወጋ፣ ስትውጥ፣ ከመርዟ መድኃኒት ሲሠራ፤ ሁሉንም ተረክሁ። እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

«ቆይ እትዬ፣ በጾምስ ይፈቀዳል?»

«አከርካሪ ውስጥ የሚገባ ጾም ይሽር አይሽር፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።»

«እሳቸውማ ገና ቀንድ አውጣ ስላቸው ጠበል ይረጩኛል!» ወገቧን ይዛ ሳቋን ገታችው። እፎይ ስትል ዞራ አየችኝ። «የእውነት ግን፣ ለምን ዓይነት በሽታ ነው የሚሰጡት?»

የእህቴ ልጅ እጄን ያዘች። ጥፍሯ ተሰማኝ።

እህቴ ደገመችው። «እትዬ፣ ለምን ዓይነት በሽታ ነው?»

«እንዳንቺ ላለው» አልኩ።

«እንደኔ ላለው ምን?»

«ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ለገባበት።»

«አክስቴ!» አለች የእህቴ ልጅ፤ ተነስታ ቆመች፣ መልሳ ተቀመጠች።

እህቴ እኔን አላየችም። ልጇን ነው ያየችው። «ብርድ ነው አላልሽኝም?»

ልጅቷ አለቀሰች።

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«አውቆ ነው የቀረው?»

«እኔ ነኝ እማዬ። እኔ ነኝ አትምጣ ያልኩት። ድንገት ቢመጣ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ።»

ስለ በሽታው ሲነገራት ያልተቆጣችው እህቴ አሁን ተቆጣች። እንደዚያ ስትቆጣ በሕይወቴ አላየኋትም። «ልጠርጥራ! መጠርጠር ይገድላል? በሽታውን እሺ እግዜር ነው የሰጠኝ፤ ልጄን የወሰድሽብኝ ግን አንቺ ነሽ!» ድካሙ አሸንፏት ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ትንፋሿ ሲመለስ ድምፅዋም ወረደ። «ደውዪለት። ሽማግሌውን ተወው በዪው። ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ ራሱ ይምጣ።»

የእህቴ ልጅ ደወለች። ያን ዕለት እኔን አላናገረችኝም፤ እራት ግን ሰጠችኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ መጡ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሁላችንንም ፊት መረመረ፤ ምን እንደተነገረ ምን እንዳልተነገረ ሊያውቅ። ሚስቱ ከኋላው ሕፃኑን አዝላ ምድር ምድሩን ታያለች። ገብቶ የእናቱን ጉልበት ሳመ።

«እማዬ፣ ተሻለሽ?» አለ፤ በጥንቃቄ።

«አልተሻለኝም፤ አይሻለኝምም። ቀና በል። እኔም ሰው ልኬ አልጠየቅኩህም፣ አንተም አልመጣህም። በቃ።» ወደ ምራቷ ዞረች። «ነይ ልጄ፣ ቅረቢ። እሱን ወዲህ አምጪው።»

ምራቷ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ እህቴ ጭን ላይ አስቀመጠችላት። አላመናትም። ገፋ ብሎ ፊቷን አየ፣ ወደ እናቱ ዞረ፣ እንደገና አያት። ከንፈሩን ሊያለቅስ አሾለ።

«ይሄም ይጠራጠራል» አለች እህቴ። «የእትዬ ዘር ነው።»

ሁላችንም ሳቅን፤ የእህቴ ልጅም ከእንባዋ ጋር። ሕፃኑ ሳቁን ሲሰማ ሐሳቡን ለወጠና የነጠላዋን ጥለት ይዞ ወደ አፉ አስገባ። እህቴም ወገቧ እስኪከለክላት ድረስ ለማንም አልሰጠችውም።