ወንድሜን ከኋላዬ የጫንኩ ቀን

ወንድሜ በየማለዳው ከቂርቆስ ካዛንችስ፣ መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ በሞተር ሳይክሉ ያደርሰኝ ነበር። ለድካሜ አዝኖ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ወንድ አጠገቤ እንዳይቀመጥ ነው። እናትና አባታችን በአንድ ዓመት ተከታትለው ከሞቱ ወዲህ አሳዳጊዬ እሱ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል፣ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። አስተማረኝ፣ አለበሰኝ፣ መታኝ። ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ የራሴን ደመወዝ የማገኝ ጸሐፊ ሆኜም ይመታኝ ነበር።

ሞተሩ ከአገር ከሚወጣ ፈረንጅ የገዛው የጣልያን ሥሪት ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከሥር ተገናኝተው ከላይ እንደ ሁለት ጣት ይከፈታሉ። የሚሸፍናቸው ፕላስቲክም ነፋስ የሚከልል መስታወትም የለውም፤ ወንድሜ “ራቁቱን ነው” እያለ ይኮራበት ነበር። ቆሞ ሲሠራ ዱግ ዱግ እያለ መቀመጫውን ያንቀጠቅጠዋል። የነዳጁን እጀታ አዙረው ጋዝ ሲሰጡት ሳይጮህ ነው የሚወረወረው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንችስ የሚያወጣውን ዳገት ማርሽ ሳይቀነስለት ይጨርሰዋል። ጋዙን ሲለቁት ደግሞ ፍሬን የተያዘ ይመስል ራሱን በራሱ ይገታል።

ይህን ጠባዩን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ወንድሜ መንገድ ላይ የሚቀጣኝ በዚሁ ነበርና። ጋዙን በአንዴ ይከፍተዋል፣ አንገቴ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወዲያው ይዘጋዋል፣ ፊቴ ከሄልሜቱ ጋር ይላተማል። ለእኔ ሄልሜት አልገዛልኝም። አንድ ቀን ለድሮ የክፍል ጓደኛዬ እጄን በማውለብለቤ፣ ከለገሃር እስከ አደባባዩ እንዲያ ሲያደርገኝ አፍንጫዬ ደምቶ ሸሚዜ ተበላሽቶ ቢሮ ገባሁ። ባልደረቦቼን “ነስሮኝ ነው” አልኳቸው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከትከሻው በላይ እጁን ሳይ ኖርኩ። ግራ እጁ ፍሪሲዮኑን ሲጨብጥ፣ ግራ እግሩ ማርሽ ሲያስገባ፣ ቀኝ እጁ ጋዙን ሲያዞር። ሌላ የማየው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አደባባዩን ስንለቅ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ፊታችን ገባ፤ መስታወቱ የወንድሜን ክንድ ገጨው። ታክሲው ሳይቆም ቀጠለ። ወንድሜ ጋዙን ከፈተና ዳገቱን ተከተለው። መኪኖቹን በግራ በቀኝ እየጣለ ሲሄድ እኔ ቀበቶውን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ካዛንችስ አፋፍ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር፤ ታክሲው እዚያ ቆሟል። ወንድሜ ፊት ለፊቱ ሞተሩን አቆመ።

“ውረጂ።”

“ወንድም ጋሼ፣ ተው፤ ሰዓት ረፍዶብኛል።”

“ውረጂ አልኩሽ።”

ሄልሜቱን አውልቆ የሾፌሩን በር ከፈተ። ሾፌሩ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። “ልጄ፣ አላየሁህም እኮ” ሲል ሰማሁት። ወንድሜ በሄልሜቱ አፉን መታው። ደገመው። ሦስተኛው ላይ የሰውዬው ራስ ከመሪው ጋር ሲጋጭ ጥሩምባው ጮኸ፤ ደሙ በደረቱ ወረደ።

ረዳቱ፣ ጢሙን ያሳደገ ጎረምሳ፣ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ከኋላ መጣ። ወንድሜ ብረቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ነው የዞረው። ራሱን ለመከላከል ቀኝ እጁን አነሳ፤ ሁለተኛው ምት እጁ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ከቆምኩበት ተሰማኝ። ከዚያ ተሳፋሪዎቹም የሌሎች ታክሲዎች ሾፌሮችም ወረዱ፣ ከበቡትና ጣሉት። ማን የት እንደሚረግጥ አይታይም።

እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። መሬት ላይ ሲወድቅ ደስ አለኝ። የተወሰነ ጊዜ ቆሜ አየሁ፤ ጨምሩለት የምል ይመስል። ከዚያ ፊቱን አየሁት። እናታችንን ይመስል ነበር። ሮጬ ላዩ ላይ ተደፋሁ፤ አንዱ የጎን አጥንቴን በጫማ መታኝ፤ ትንፋሼ ጠፋ።

“ተዉት” አለ አንድ ሰው። “በቃ፣ የሰው ልጅ ነው፣ ይሞትባችኋል።” ሾፌሩ ነበር። አፉን በእጁ ይዞ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሰዉ ሰማው፤ አንድ በአንድ ተበታተነ።

መንገዱ ከፊትም ከኋላም ዝግ ነው፤ መኪና አያልፍም። ሾፌሩ ሞተሩን አየና “ይሄንን ነድቶ ሆስፒታል የሚያደርሰው አለ?” ብሎ ጠየቀ።

“እኔ” አልኩ።

“ነድተሽ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም።”

እንድወጣ መሪውን ያዘልኝ። ከዚያ ከረዳቱ ጋር ወንድሜን አንስተው ከኋላዬ አስቀመጡት፣ ሾፌሩም ጋቢውን ከታክሲው አውጥቶ ወገቡን ከወገቤ ጋር አሰረው።

ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፤ በሙሉ እጄ ጨበጥኩት። ስለቀው ሞተሩ እንደ በቅሎ ዘለለና ቆመ። እንደገና አስነሳሁት። በዝግታ ስሄድ ይንጠኛል፣ ጋዝ ስጨምር ይፈተለካል። ከኋላ ስለከበደ ፊቱ ቀሎ መሪው አልታዘዝ አለኝ። ከታክሲዎቹ መሃል ስወጣ የአንዱን መስታወት ገነጠልኩ። የወንድሜ ደም በአንገቴ ላይ ይወርዳል፤ ይሞቃል።

“ማርሽ ቀይሪ” አለኝ ጆሮዬ ሥር።

ቀየርኩ። መናጡን ተወ።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ልይዝ እጄን ስዘረጋ “አትንኪው፣ ጋዙን ብቻ ልቀቂ” አለኝ። ለቀቅኩት። ሞተሩ እየጎረመረመ ራሱን ያዘ። መታጠፊያው ላይ ፈርቼ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሳየው ሞተሩም ወደዚያው ሄደ። “መሬቱን አትይ፣ የምትሄጂበትን እይ” አለ፤ ድምፁ እየደከመ ነበር። ቀና ብዬ መንገዱን ሳይ ሞተሩ ከነክብደቱ ጋደል ብሎ ታጠፈ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ አልተናገረም።

የሆስፒታሉ በር ላይ ማቆሙን አልቻልኩበትም፤ ሁለታችንም ወደቅን። ዘበኛው ሞተሩን ከእግሬ ላይ ሲያነሳ የጋለው ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ባቴን ልጦት ነበር።

ወንድሜ ተረፈ። ግራ ጆሮው አይሰማም፤ የቀኝ እጁ ጣቶችም ዳግመኛ አልተጨበጡም። የሞተሩ የፊት ፍሬንም ጋዝም በቀኝ እጅ ነው፤ መንዳቱ በዚያው ቀረ። ሾፌሩ አልከሰሰውም። በሦስተኛው ቀን አፉ አብጦ ሊጠይቀው ሲመጣ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሰውዬው ትንሽ ተቀምጦ “እግዜር ይማርህ” ብሎ ወጣ። በወንድሜ ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሱሪ ለብሼ ሞተሩን ከግቢ ሳወጣ በሩ ላይ ቆሞ “ሴት ልጅ ሆነሽ፣ በሰፈሩ መሃል?” አለና በግራ እጁ በጥፊ መታኝ። ሳላስበው በቡጢ መለስኩለት። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ወጥተው ያዩናል። እጄ ይጠዘጥዘኛል፤ እሱ ከንፈሩን ይጠርጋል። በመጨረሻ ከበሩ ዞር አለልኝ።

ያን ዕለት ብቻዬን ካዛንችስ ደረስኩ። ቀስ ብለው ጋዝ ሲሰጡት ቀስ ብሎ የሚሄድ ሞተር መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

ወንድሜ ከዚያ ወዲያ እጁን አላነሳብኝም፤ ይቅርታም አልተባባልንም። በሳምንት ሁለት ቀን እጁን ወደሚያሹለት ቦታ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ሄልሜቱን ለእኔ ሰጥቶ ባዶ ራሱን ከኋላዬ ይቀመጣል፤ ወገቤን አይዝም፣ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ብረት ነው የሚይዘው። ሰንጋ ተራ ስንደርስ መንገዱ ስለሚጎረብጥ “ማርሹን ሁለተኛ አድርጊው” ይለኛል። ሁለተኛ አደርገዋለሁ።