ለፈረንሳይዋ ጸሐፊ ሚዜን ያስረዳሁ ቀን

ከንፋስ መውጫ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ባለቤቴ ሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል። ሻንጣዬን የጫነልኝ፣ ስለ ወንበር ከረዳቱ ጋር የተጨቃጨቀልኝ፣ በሶዬን በፌስታል ያቀበለኝ ሚዜዬ ፈንታ ነው። "አልቅሰሽ እንዳታስለቅሺን፣ ግቢ!" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሳለቅስም ስስቅም ደብረ ታቦር ደረስኩ።

ከዚያ ቤሩት፣ የሰው ቤት። ከሦስት ዓመት በኋላ አሠሪዎቼ ልጆቻቸውን እንድይዝላቸው ለዕረፍት ፈረንሳይ አመጡኝ። እነሱ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። እንዴት እንደቀረሁ ልንገራችሁ ብል ወረቀቱም አይበቃኝ። አሁን ሊዮን በምትባል ከተማ ቢሮ አጸዳለሁ። ብርዱ የአገሬን የጋይንትን አያህልም፤ የሚበርደው ሰላምታቸው ነው። "ቦንዡር" ይሉሻል፣ በቃ፣ አለቀ። ከብቱስ፣ አዝመራውስ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው የሐሞት ጠጠር ያዘኝና ኦፕራሲዮን ግድ ነው ተባልኩ። የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ቅጽ ዘረጋችልኝ።

"ፔርሶን ደ ኮንፊያንስሽ ማነው?"

"ምንድነው እሱ?"

"የምታምኚው ሰው። መናገር ቢያቅትሽ ስላንቺ የሚናገር።"

ኧረ ይኼማ ሚዜ ነው! ፈረንጅም ሚዜ አለው ለካ ብዬ ደስ አለኝ።

"ፈንታ ብለሽ ጻፊ።"

"ባልሽ ነው?"

"የለም፣ የባሌ ሚዜ ነው።"

"ባልሽ ሞቷል?"

"ኧረ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!"

ቅንድቧ ተሰቀለ። ያሰበችው ገባኝና ፊቴ ጋለ። "በማርያም! እንደ ወንድሜ ነው!"

"ወንድምሽ ነው?"

"አይደለም።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ማስረዳት ጀመርኩ። በሠርጌ ዕለት ከአባቴ ቤት አዝሎ ያወጣኝ እሱ ነው። በሽማግሌ ፊት "ከዛሬ ጀምሮ እኅቴ ናት" ብሎ ምሏል። የባል ወገን ሆኖ መጥቶ የሚስት ወገን ሆኖ የሚቀር፣ ሚዜ ማለት ይኼ ነው። ባሌ አንዴ እጁን ሲያነሳብኝ የሮጥኩት እናቴ ቤት ሳይሆን ፈንታ ቤት ነው። ባሌን አስጠርቶ እኔው ፊት ልክ ልኩን ነገረው። እኔም ሳጠፋ አይምረኝም። ባሌማ ኦፕራሲዮን የሚለውን ቃል ከሰማ ሳልቆረጥ እንደ ሞትኩ አልቅሶ እናቴን በድንጋጤ ይገድልብኛል።

ጸሐፊዋ ተነፈሰች። "እሱ ራሱ መስማማት አለበት። ደውዪለት።"

እሷም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ደወልኩ።

"ምነው በሥራ ሰዓት? ማን ሞተ?" አለ ፈንታ።

"ማንም አልሞተ። እኔ ልቆረጥ ነው።" ሁሉንም ነገርኩት።

"ለቤት ነግረሻል?"

"አልነገርኩም።"

"ደግ አደረግሽ። እኔ አለሁልሽ።"

ተስማምቷል አልኳት። ጸሐፊዋ ቀጠለች፦ "ራሷን ብትስት የምትፈልገውን ታውቃለህ ወይ በይው።"

ጠየቅኩት።

"መዳን ነው የምትፈልገው በያት" አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "እንዲያው ክፉው ቢመጣ ደግሞ፣ እዚያ እንዳትቀብሯት በያት። አባቷ ካረፉበት ደብር ነው የምትፈልገው። አስከሬኗን ይላኩልን፣ ካልሆነም መጥቼ እወስዳታለሁ።"

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለራሴም ቢሆን።

"ምን አለ?" አለችኝ።

አፌ እንቢ አለኝ። "መዳን ትፈልጋለች አለ።"

"ያ ሁሉ ንግግር ይኼ ብቻ?"

"አማርኛ ረጅም ነው" አልኳት። እሷም አንድ መስመር ጻፈች።

"ነገርሻት?" አለ ፈንታ ከወዲያ።

"አዎ፣ ጽፋዋለች።"

ሚዜ ከሆነኝ ጀምሮ ስዋሸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንግዲህ ድኜ ይኸው እጽፍላችኋለሁ። በየሳምንቱ ይደውልልኛል፣ ስለ ከብቱም ስለ አዝመራውም እናወራለን። እሱ ግን ዛሬም ተጽፏል ብሎ አምኖኛል።