ቅቤ የተቀባው ፔሩክ

የልጅ ልጄ ሶስና ባለፈው ሳምንት ዊጓን አጥባ በረንዳው ላይ አሰጣችው፤ ነፋስ እንጂ ፀሐይ እንዳያገኘው በጥላው በኩል። ሲደርቅላት ማስቀመጫው ላይ ደፍታ ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ታበጥረው ጀመር። ለዊግ ያላት ትዕግሥት ግማሹ እንኳ ለእኔ ቢሆን ምን ነበረበት እያልኩ በልቤ ስስቅ ድንገት ሆዴ ባባ።

"እማማ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ምንም፤ ሙቀቱ ነው" አልኳት። ጅቡቲ ውስጥ ሁሉም ነገር በሙቀት ይሳበባል።

በእኛ ጊዜ ዊግ የሚለውን ቃል አናውቀውም ነበር፤ እንደ ፈረንሳዮቹ ፔሩክ ነበር የምንለው። ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ውስጥ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራች ቤት ነበረችን። ቅዳሜ ከሰዓት የእናቴ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የእኔ ፀጉር። በርጩማ ላይ ጉልበቷ መካከል አስቀምጣኝ፣ በሚዶ ፈልቅቃ፣ በድሬዳዋ ባቡር የሚመጣላትን ለጋ ቅቤ ቀብታ ሹሩባ ትሠራኛለች። ባቡሩ የዘገየ ዕለት ቅቤው ቀልጦ ነበር የሚደርሰን። እኔ ደግሞ መነጫነጭ ልማዴ ነው። በዚህ አገር ሙቀት ቅቤ አናት ላይ አይቆምም፤ በግንባር ወርዶ ዓይን ይገባል። ተነስቼ ልሮጥ ስል ትከሻዬን ጫን አድርጋ "አርፈሽ ተቀመጪ፣ ፀጉርሽ እየጠጣ ነው" ትለኛለች።

ከዚያ ታይፎይድ ያዘኝ። እኔ ከሞት ተረፍኩ፤ ፀጉሬ ግን ትራሱ ላይ እየረገፈ አለቀ። የቀረውን ብጥስጣሽ እናቴ ራሷ በምላጭ ላጨችልኝ። ፊቷን አዙራ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ጠላሁ። የመናዊው ዓሣ ጋጋሪ ዘንድ መላክ እንኳ እምቢ አልኩ፤ ያን በርበሬ የተለበጠ ዓሣ ከነትኩስ ቂጣው ይዞ መመለስን የመሰለ ደስታ ከዚያ በፊት አልነበረኝም። ሰው ሻሼን ሲያይ ከሥሩ ያለውን የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

በግንቦት አብሮ አደጌ ሰናይት ልታገባ ሆነ፤ ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። በሻሽም ቢሆን ነይልኝ ብላ ለመነችኝ። ሻሽ ያሰረች ሚዜ የት አገር ታይታለች ብዬ ቀረሁ አልኩ። ይህን ወሬ የሰማችው እትዬ ዘነበች፣ ካርቲየ 3 ውስጥ ፀጉር ቤት የነበራት የእናቴ ወዳጅ፣ በሠርጉ ዋዜማ ረጅም ጥቁር ፔሩክ ይዛ ከተፍ አለች።

"ላስቲክ እንዳይመስላችሁ፤ የሰው ፀጉር ነው" አለች።

"የማን?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"እኔ ምን አውቄ? የሆነች ሴት!"

በሰፊ ሚዶ ከጫፍ ወደ ላይ እንድናበጥረው፣ በሙቅ ውሃ እንዳናጥበው፣ ፀሐይ እንዳናሳየው አስጠንቅቃን ሄደች። ስለ ቅቤ ምንም አላለችም። ማንስ ያስባል!

በሠርጉ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው በየቤቱ በተጋደመበት ሰዓት እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፔሩኩ የተደፋ ድስት ላይ ተቀምጧል። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ቀጫጭን ሹሩባ ተሠርቶ፣ በቅቤ ርሶ ያብለጨልጫል። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ የመጨረሻዋን ጉንጉን ትቋጫለች።

"እማዬ! ምን አደረግሽ?"

"የሰው ፀጉር ነው አላለችም?" አለች፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው። "የሰው ፀጉር ከሆነ ይጠማል። ስነካው ደርቆ ገለባ ሆኗል፤ አሳዘነኝ።" ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ደግሞ እጄ ሥራ ፈታብኝ፣ ልጄ።"

ልታስጌጠኝ የመጣችው እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ስትደርስ ሽታው ተቀበላት። "ሞን ዲዩ! አበስኩ ገበርኩ! አሁን ታጥቦ በዚህ ወበቅ መቼ ሊደርቅ ነው?" ብላ ራሷን ያዘች። እናቴ ያኔ ነው ያደረገችው የገባት። ቅቤ የነካው እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

ያን እጅ ሳይ ንዴቴ ከየት መጥቶ የት እንደሄደ አላውቅም። በርጩማውን ስቤ ፊቷ ተቀመጥኩና "አድርጊልኝ" አልኳት። አደረገችልኝ። ጠርዙን እያስተካከለች ጣቶቿ የተላጨ ማጅራቴን ሲነኩት ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷም አልቸኮለችም።

ሌሎቹ ሚዜዎች ፀጉራቸውን ተተኩሰው ለቀውታል፤ ሹሩባ የተሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፎቶ አንሺው ሳይጨርስ ቅቤው አንገቴን አልፎ ነጭ ቀሚሴ ላይ ደረሰ። ወደ ጓዳ ልሸሽ ስል የሙሽራው አክስት እጄን ያዙኝ። አንገቴ ሥር ስመው አሸተቱኝና "እሰይ፣ እናት ያላት!" አሉኝ። እስኪነጋ ጨፈርኩ።

ፀጉሬ ቀስ እያለ በቀለ። እናቴ እየመጣች በጣቷ ትለካዋለች፤ "ገና ነው፣ አይያዝልኝም" ትላለች። እሱም ለሹሩባ ሳይደርስ፣ እሷም ብዙ ሳትታመም በዓመቱ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሠርቶኛል። እትዬ ዘነበች ሠርታኛለች፤ ልጄም ትሠራኛለች፤ እጃቸው ለስላሳ ነው፣ አይከፋኝም። ግን እናቴ በሕይወቷ ለመጨረሻ ጊዜ የጎነጎነችው የእኔን ፀጉር አይደለም። አገሯንም ስሟንም የማላውቃት የአንዲት ሴት ፀጉር ነው። ሴትዮዋ ይህን ሳታውቅ ኖራ ይሆናል፤ ሳታውቅም ሞታ ይሆናል። እኔ ግን ስልሳን አልፌ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ዛሬም እቀናባታለሁ።