ባናውን ያወረድኩበት ቀን

ዝናብ የመታው ባና ሸትቶህ ያውቃል? ትናንት ከመንዝ የመጣ እንግዳ፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ባናውን ደጃፌ ላይ አራግፎ ገባና ቤቱ በዚያ ሽታ ታፈነ። ባለቤቴ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። እውነቴን ነው፤ ይህን ያህል ዓመት አልፎም ያ ሽታ ያስደነግጠኛል።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን እዚያው መንዝ፣ ከጓሳ ተራራ በታች፣ ጉም በበር ገብቶ በመስኮት የሚወጣበት መንደር ነው። እናቴ የበግ ፀጉር ትፈትል ነበር። ሸማኔው ፈትሏን ሲዳስስ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። በዚያ ዓመት ሳል ያዛት፤ ጉንጯ ጎደጎደ። ያኔ ነው እንግዲህ ከአዲስ አበባ አንዲት ፊልም ሠሪ መጥታ ሦስት ቀን ሙሉ ከእናቴ ሥር አልጠፋም ያለችው። እኔ ትምህርት ቤት ስለምውል ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። ልጅቱ ካሜራዋን ይዛ ሄደች፤ ሁለት ወር ሳይሞላ እናቴ ሞተች።

አንድም ፎቶ አልነበራትም። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችውም እርጥበት ገብቷት ነጠላዋ ብቻ ቀርቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነበር፤ ፊቷ ከዓይኔ እየጠፋ ነበር። ጠዋት ስነሳ ዓይኗን አገኘዋለሁ፣ አፏን አጣዋለሁ። ስለዚህ ፊልሙ በትምህርት ቤታችን ሊታይ ነው ሲባል አበድኩልህ! ገበያ ላይ፣ ምንጭ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያገኘሁትን ሁሉ «ቅዳሜ እማዬን ታዩዋታላችሁ» አልኩ። አክስቴ እንኳ ከራቤል ድረስ መጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ፊልም ሠሪዋ ጠራችኝና «ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ።

«ፊልሙ ላይ አየዋለሁ» ብያት ሮጥኩ። የቸኮልኩት ቦታ ለመያዝ ነው።

ክፍሉ መጋረጃ የለውም። ነጭ አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ተወጠረ፤ ግን ካልጨለመ አይታይም ተባለ። የእኛ ሰው ምን ቸገረው? ሁሉም ባናውን ከትከሻው እያወለቀ በየመስኮቱ ሰቀለ። እኔም እናቴ የፈተለችውን ባናዬን ከጎኔ ባለው መስኮት ላይ ሰቀልኩ። በጠራራ ፀሐይ ክፍሉ ድቅድቅ አለ፤ የሰው ትንፋሽና የበግ ፀጉር ሽታ ታመቀበት።

«የእኔ ፊልም እንደለመዳችሁት አይደለም» አለች ፊልም ሠሪዋ። «ታሪክ የለውም። ብርሃንና ድምፅ ነው።»

አክስቴ በጆሮዬ «ምን ትላለች ይቺ?» አለችኝ።

«እማዬ ትመጣለች በቃ» አልኳት።

መጀመሪያ ነጭ መጣ። ነጭ ብቻ፤ ጉም ይሁን ወተት አይታወቅም። ከዚያ ገመድ የሚያካክሉ ጥቁር መስመሮች እየተጠማዘዙ መጡ። ለካ አንዲት ጭብጥ የበግ ፀጉር ናት፣ ግድግዳ አክላ። ከዚያ ቀይ ነገር ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። የእንዝርት ድምፅ ይሽከረከራል። ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ ንግግር የለ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ሌላው «ማሽኑ ታሟል» አለና ሳቅ ሆነ። እኔ ምኑ ያስቀኛል? ዓይኔን ሳልከድን አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እላለሁ። አንዴ አውራ ጣት ታየ። «እሷ ናት!» ብዬ ጮህኩ። ጣቱ ጠፋ፤ አቡጀዲውም ድፍን ጥቁር ሆነ።

አለቀ? እናቴስ? እንዴት እንደደነገጥኩ ልነግርህ አልችልም። ለሁለተኛ ጊዜ የሞተችብኝ መሰለኝ። ዘልዬ ተነሳሁና የራሴን ባና ከመስኮቱ ጎትቼ አወረድኩት፤ ቀጥሎ ያለውንም። ፀሐይዋ ቦግ ብላ ገባች። ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ጫጫታው ቤቱን አናጋው።

«ቆዩ! እባካችሁ ስሙ፣ አሁን ነው!» እያለች ልጅቱ ትለምናለች። ማን ይስማት?

«ሌባ!» አልኳት። «ፊቷን የት አደረግሽው?»

አክስቴ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ጀመረች። ከፊት የነበሩት አባቴ ብቻ ድምፅ ማጉያው ላይ ጆሯቸውን አስጠግተው ቁጭ ብለዋል፤ እንባቸው ይወርዳል። በእኔ አፍረው መስሎኝ ይባስ ተናደድኩ። ባናዬን መሬት ላይ ጥዬ በስስ ቀሚስ ወጣሁ። ፊልም ሠሪዋ በማግስቱ ሄደች፤ ዳግመኛ አላየኋትም።

አምና አባቴ ደክመው እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ሲመጡ፣ በመሐረብ የተቋጠረች ፍላሽ አወጡ።

«ያቺ ልጅ ፊልሙን ቀድታ የሰጠችኝ ናት» አሉ። «ያን ቀን ጨለማው ላይ እናትሽ ታወራ ነበር። እኔ ሰምቻታለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ባናውን ያወረድሽው አንቺ ነሽ። በምን አንጀቴ ልንገርሽ?»

ኮምፒውተሩ ላይ ሰካኋት። ጥቁሩ ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ሳሏ መጣ። የምድር ጩኸት ውስጥ ብሰማው የማልስተው ሳል። ከዚያ ድምጿ፦

«ፊቴን እንዳታነሺብኝ፣ ከስቻለሁ። ልጄ ደህና ሳለሁ ያየችኝን ትያዝ። ድምፄን ግን ውሰጂው፣ ምን ቸገረኝ።»

ቀጥሎ በር ሲጢጥ ሲል፣ ደብተር ሲወረወር፣ እግር እየሮጠ ሲወጣ ይሰማል። የእኔ እግር ነው! ከትምህርት ቤት መጥቼ ወደ ጨዋታ ስሮጥ። እናቴም ከኋላዬ፣ እየሳለች፦

«አንቺ ልጅ! ባናሽን ሳትለብሺ አትውጪ፣ ይበርድሻል!»

ሁለቱንም ጊዜ ሳልሰማት ወጥቻለሁ።

ትናንት እንግዳው እራቱን እስኪጨርስ ያንን የራሰ ባና ደርቤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ግራ ገብቶት «ኧረ አውልቂው፣ እርጥብ ነው» አለኝ። አላወለቅኩትም።